ትንፋሹን የቆጠበው መለከት ነፊ

አንድ መለከት ነፊ ነበረ። ልጄ አስካለ፣ ታሪኩን የምነግርሽ «አባ፣ ሐኪሙ በየቀኑ ተራመጂ ብሎኛል፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ልተወው ይሆን?» ብለሽ እኔን የንስሐ አባትሽን ስለ ጠየቅሽኝ ነው።

ሰውየው መለከቱን ሲነፋ ተቀምጦ የሚቀር ሠርገኛ አልነበረም። በአገሩ ያለ እሱ አይደገስም። አንድ ቀን ጎረቤቱ «እንጀራህ ትንፋሽህ ነው። በየዳገቱ አትጨርሰው፤ ቆጥበው» አለው። ምክሩ ልቡ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከበቅሎ ላይ አልወርድ አለ። እንጨት መፍለጥም ተወ፤ ሌላው ሲጨፍር እሱ ተቀምጦ ያያል።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ባለጸጋ ልጁን ሲድር ጠራው። ሙሽራዋ ብቅ ስትል መለከቱን አነሣ። የወጣው ድምፅ እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ድምፅ ይመስል ነበር። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰ። ሠርገኛው ሳቀ። እሱም ላብ በላብ ሆኖ ተቀመጠ።

አብራው የመጣችው ሚስቱ ይህን ሁሉ አየች። ድግሱ ሲያበቃ በቅሎዋን ፈታችና ወጣችባት።

«እኔስ?» አላት።

«እግር አለህ» አለችውና ሄደች።

በየመታጠፊያው እየቆመ፣ እያለከለከ ቤቱ ገባ። ሞቴ ደረሰ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን እንደዚያ ቀን ጥሞት በልቶ፣ እንደዚያ ቀን ተኝቶ አያውቅም። በማግስቱም በቅሎዋን አልሰጠችውም። ቀስ ብሎ መውጣት፣ ሲደክመው ማረፍ፣ ትንፋሹ ሲመለስ መቀጠል ልማዱ ሆነ። እያደር ማረፉን ቀነሰ፤ ኋላም እያወራ ይወጣ ጀመር። በሚቀጥለው ሠርግ ከሙሽሮቹ ፊት ፊት አቀበቱን እየወጣ ነፋ። ከማዶ ያለው ሰፈር ሁሉ ድግሱ የማን እንደሆነ ለማየት ደጅ ወጣ።

ልጄ፣ ትንፋሽ የጎተራ እህል አይደለም፤ ስላስቀመጡት አይበረክትም። ስትራመጂ ጡንቻሽ አየር ይጠይቃል፤ ደረትሽም ቶሎ ቶሎ፣ ጠለቅ ጠለቅ እያደረገ ያቀብለዋል። ማለክለክሽ ሰውነትሽ ሥራ ለመጀመሩ ምልክት ነው። ስትለምጂው ልብሽም ጡንቻሽም ይበረታሉ፤ ለዚያው ዳገት ጥቂት ትንፋሽ ይበቃሻል። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ካዞረሽ ግን ቁሚና ለሐኪሙ ንገሪው። አለዚያ ቀስ እያልሽ ውጪ። ዳገቱን እየወጣሽ ሰው ለማማት ትንፋሽ የተረፈሽ ቀን፣ እኔ ዘንድ ለንስሐ ትመጫለሽ።