ተራዋ የማይደርስ ማኅበርተኛ

አንዲት የቤት እመቤት ነበረች። ስሟ ትርንጎ አይደለም፤ እኛ ግን ትርንጎ እንበላት። «እኔ» ብዬ ልጽፈው ሞክሬ እፍረት ያዘኝ፤ «እርሷ» እያልኩ ካወራሁላችሁ ምናልባት እስከ መጨረሻው እደርስ ይሆናል።

ትርንጎ የተማረች ናት። ልጅ እስክትወልድ ድረስ ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር። ካገባች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከባሏ ከበሪሁን፣ ከሁለት ልጆቿና ከአማቷ ከእማማ ስንዱ ጋር ትኖራለች። ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም የሚወጣው ከእርሷ እጅ ነው። በሪሁን ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ትንሹ ልጅ ምስር አይነካም። እማማ ስንዱ ጥርሳቸው ስላለቀ ለስላሳ ነገር ይፈልጋሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ወጥ መሥራት ለትርንጎ አዲስ ነገር አይደለም።

ሲበሉ ማየት ትወዳለች። ይህን አስቀድማችሁ እመኑልኝ። ትልቋ ልጇ ህሊና የመጨረሻውን ፍትፍት ከወንድሟ ስትነጥቅ፣ በሪሁን «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ሲላት ደስ ይላታል። ትሪው ሳይነሣ ግን የነገው ሐሳብ ይመጣባታል። ያደከማት ሽንኩርት መክተፉ አልነበረም፤ በየቀኑ የአራት ሰው አፍ ማሰቡ ነበር። አንዳንድ ቀን ድስቱን በኃይል ትከድነውና ወዲያው ታፍራለች። «የሚበላው ያጣ ስንት ሰው አለ፤ እኔ የሚበላልኝ ቤተሰብ ይዤ አማርራለሁ» ትላለች ለራሷ።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ደከማትና ከሠፈሯ ራቅ ያለች ሽሮ ቤት ገባች። ባለቤቷ እትዬ ዘርፌ ተጋቢኖ በትንሽ ሸክላ እየተንተከተከ አቀረቡላት።

«ብዪ እንጂ፣ ምነው ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ?» አሏት።

ትርንጎ በላች። ሽሮው ከእርሷ ሽሮ አይበልጥም፤ እንዲያውም ጨው አንሶታል። ነገር ግን ሳታስበው፣ ሳታማስለው፣ አጠገቡ ቆማ ሳትጠብቀው የቀረበላት ምግብ ነበር። ዕንባዋ መጣ።

ከዚያ ወዲያ በወር አንድ ቀን መሄድ ጀመረች። ለቤት ሰው ምን ትበል? ቤቷ ምግብ ሞልቶ «ሽሮ ልበላ ሄድኩ» ይባላል? ስለዚህ «የማርያም ማኅበር ገብቻለሁ፤ በየወሩ በሃያ አንድ እንጠጣለን» አለች። ማንም አልጠረጠራትም። ስትመለስ ከዳቦ ቤት አንድ ቁራሽ ድፎ ትገዛና «የማኅበር ነው» ብላ ለእማማ ስንዱ ትሰጣቸዋለች። እማማ ስንዱ ተሳልመው ይበሉታል፤ መርቀዋትም አይጠግቡም። ትርንጎ ያን ጊዜ ወደ መሬት ታያለች።

አንድ ነገር ግን ረስታ ነበር። ማኅበር ተራ አለው። ዛሬ በሰው ቤት የበላና የጠጣ፣ ተራው ሲደርስ ጽዋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ያመጣል፤ የሚቀጥለው ድግስ የእርሱ ነው።

ሁለት ዓመት እንደሞላ በሪሁን እራት ላይ ጠየቃት።

«ለመሆኑ ማኅበርተኞቹ ስንት ናችሁ?»

«አሥራ ሁለት» አለች ሳታስብ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ጽዋው እኛ ቤት አልገባም? የሰው እየበሉ መቅረት አለ እንዴ! ምን ይሉናል?»

«ይደርሳል…»

«ደርሶ ሁለቴ አልፏል እንጂ! ለካ አንቺ ያስተማርሽው ካርታ ብቻ ነው፤ መቁጠር አታውቂም» ብሎ ሳቀባት።

ሳቁ በማግሥቱ ሥራ ሆነ። በሪሁን ጌሾ አስወቀጠ፤ እኅቱን ለጠላው ጠራ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «የሚመጣው ሃያ አንድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው» ብሎ ተናገረ። እማማ ስንዱ አዲሱን ነጠላቸውን ከሣጥን አወጡ። ህሊናም «ብቻሽን አትችዪውም፤ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቼ አግዝሻለሁ» አለች። 

ትርንጎ ይህን እንደሰማች ሮጣ ወደ ሽሮ ቤቷ ሄደችና ለእትዬ ዘርፌ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ምን ላድርግ? አሥራ አንድ ደንበኛ ነጠላ አልብሼ ልላክልሽ?» ብለው ሳቁ እትዬ ዘርፌ። ከዚያ ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «ስሚ ልጄ፤ አንድ ቀን ከማብሰል ልታርፊ ዋሸሽ። ውሸቱ ይኸው የአሥራ ሁለት ሰው ድግስ ጣለብሽ። ይህን ብትወጪው ቀጥሎ ምን ሊጥልብሽ ነው?»

«እውነቱን ብናገር ቤተሰቧን የማትወድ ይሉኛል፣ እትዬ።»

«ትወጃቸዋለሽ?»

«እወዳቸዋለሁ!»

«ደከመኝ ማለት ጠላኋችሁ ማለት ነው ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

ትርንጎ ተነሥታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ በእግሯ ሄደች፤ ቤት ስትደርስ ልቧ ቆርጦ ነበር። ምሳውን አቀረበች። ሁሉም መብላት ሲጀምሩ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተናገረች።

«ማኅበር የለም። ኖሮም አያውቅም። በየወሩ የምሄደው ሽሮ ቤት ነው።»

የበሪሁን ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። «የምን ሽሮ ቤት? እኛ ቤት ምን ጎደለና?»

«ምንም አልጎደለም። ስትበሉልኝ ደስ ይለኛል። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ስለ እናንተ ሆድ አሰብሁ፤ እኔን ምን እንደሚያምረኝ የጠየቀኝ ሰው የለም። በወር አንድ ቀን አላበስልም። ከእንግዲህ የምሄደው ግን ሳልዋሽ ነው።»

«ለጎረቤቱስ ምን ልበል? ሰው ጠርቼ!»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

እማማ ስንዱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ያ ዳቦስ?»

«የዳቦ ቤት ነው፣ እማማ። ይቅር በሉኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የዳቦ ቤት ዳቦ አሳለምሽኝ!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። ከዚያ ግን ልጃቸውን ሳያዩ «ሽሮ ቤቱ ሩቅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ህሊና ሳቋ አመለጣት። በሪሁን ግን አልሳቀም፤ ተነሥቶ ወጣ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየዞረች «ማኅበሩ የእኔ ውሸት ነው፤ ይቅርታ» አለች። አንዳንዱ ሳቀባት፤ አንዷ ጎረቤት በሯን ሳትዘጋ ማማት ጀመረች። ሃያ አንድ ሲደርስ ነጠላዋን ለበሰችና በሪሁን እየሰማ «ሽሮ ቤት ሄጃለሁ» ብላ ወጣች። ህሊና ከትምህርት ቤት አልቀረችም።

በሪሁን እስከ ዛሬ አብሯት ሄዶ አያውቅም፤ ኩርፊያውም ጨርሶ አልወጣለትም። ነገር ግን በዚያች ቀን ድስት የሚጥደው እርሱ ነው። የሚችለው መኮሮኒ ብቻ ነው፤ ልጆቹም እያጉረመረሙ ይበሉታል።

ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርሁት ይህን ነው። መውደድና መድከም በአንድ ሰው እጅ ላይ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም። የሚያሳፍረው መድከም አይደለም። ድካሙን የሚደብቅ ሰው ግን አንድ ቀን ለውሸቱ ይደግሳል፤ ለድግሱም የሚወዳቸው ሰዎች ይለፋሉ። «ደከመኝ» የሚለውን ቃል በጊዜው መናገር ቤት አያፈርስም።

እናንተስ? በየቀኑ የምታበስልላችሁን ሴት ምን እንደሚያምራት ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዛሬ ጠይቋት፤ መልሱን ወዲያው ካጣችው ደግሞ አትቸኩሉባት፤ ስለ ራሷ ካሰበች ቆይታ ይሆናል።