ደጋሹ ጃርት

ተረት አምጣ ካላችሁኝ፣ ይኸው ተቀበሉኝ።

በዓመት በዓል ዕለት እመት ጃርት ለዘመድና ለእንግዳ ሥራሥር ስትቆፍር፣ ስትልጥ፣ ስትቀቅል ዋለች። ባሏ አያ ጃርት ግን ጥላ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋ ነበር።

ማምሻውን እንግዶቹ ገብተው እንደተቀመጡ፣ ሆዳሙ አያ ከርከሮ ሽታውን እየማገ፣ «ማነው እንዲህ ያሳመረው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኛ! ወገቤ እስኪቆረጥ ለፋሁ» አለ ባልየው።

እመት ጃርት ደሟ ፈላ፤ እሾኋም ቀጥ ብሎ ቆመ። ጭልፋዋን ወርውራ መጣችና ከእንግዶቹ መካከል ቁጭ አለች።

«እንግዲያው አቅርብልና! እኛም ርቦናል» አለችው።

አያ ጃርት ማጀት ገብቶ የጋለውን ድስት በባዶ እጁ ቢያነሳው ተቃጠለና ጮኸ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። እንግዶቹም አቀረቀሩ።

በመጨረሻ እያፈረ፣ «የሠራችው እሷ ናት» ብሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዞላት መጣ። ጎረሰችለት። እሾኋ ግን ገና እንደቆመ ነበር።