አፈር የለበሰው እብጠት

«ከሠርጌ በኋላ ትታያለች፣ ምን ያስቸኩላል?» ነው ያልከኝ? ምን ያስቸኩላል! የእማዬ አንገት ላይ ያበጠው ነገር የአንተን ሠርግ ይጠብቃል እንዴ፣ ጋሼ መክብብ? ስልኩን ስለዘጋህብኝ ነው በድምፅ የምልክልህ። እስከ መጨረሻው ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ደጋ ላይ አፕል የሚያለማ ገበሬ። ጓሮው ውስጥ አንዲት ትልቅ ዛፍ አለችው፤ ሌሎቹን ሁሉ ከእሷ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ነው ያባዛቸው። እናቲቱ ይላታል። አንድ ቀን ሲኮተኩት፣ ግንዷ ከአፈር በሚወጣበት ጋ እጁን የሆነ ነገር ነካው። እብጠት። እንቁላል የሚያክል፣ ሻካራ። ክው አለ።

ጎረቤቱን ጠራ፤ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይሄ በሽታ ነው፤ በቁስል በኩል ነው የሚገባው። ዶማህ ጭሯት ይሆናል። ገና ትንሽ ነው፣ ዛሬውኑ እንቁረጠው። ቢላውን በበረኪና እጠብ፤ አፈሩን ግለጥና ቁስሉን ፀሐይ ይምታው። እስክትድን ደግሞ ከእሷ ቅርንጫፍ እንዳትወስድ» አለው።

ገበሬው ፈራ። ብትቆረጥና ብትሞትስ? ደግሞ በዚያው ሳምንት ሴት ልጁን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። እናቲቱ ቆስላ ቢያዩዋት፣ የዚህ ቤት ነገር ደህና አይደለም አይሉም?

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ! ነገ ደግሞ መርፌ እንውጋት ልትል ነው!» ብሎ ሳቀበት።

ጎረቤቱ ዘወር ሲል አፈር አምጥቶ እብጠቱ ላይ ከመረ። በእግሩ ጠቀጠቀው። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ዛፏን አደነቁ፣ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሰላም የለውም። በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ቁልቁል ይሄዳል። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሊሰድ ይልና መልሶ ይሰበስበዋል። ካልነካሁት የለም፣ ይላል ለራሱ። ዓመት ዞረ፣ ሁለተኛውም ተደገመ። ቅጠሏ ያለ ጊዜው ቢጫ ሆነ፤ ፍሬዋ እንደ ጠጠር ቀረ። አንድ ቀን አላስቻለውም። ተንበርክኮ በእጁ ማሰ። ያገኘው የሰው ጭንቅላት የሚያክል ነገር ነው፤ ግንዷን ዙሪያውን ጨምድዶ ይዟታል። እየሮጠ ሄዶ ጎረቤቱን አመጣው።

ጎረቤቱ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «አሁንማ የሚቆረጠው እብጠቱ አይደለም፣ እሷው ናት።»

አየህ ጋሼ፣ ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነው። እኔም ፈርቻለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም! አማቾችህ ምን ይላሉ ብለህ ሻርፕ ገዝተህ አንገቷ ላይ ጠመጠምክላት። ያ ሻርፕ አፈር ነው፣ ሌላ አይደለም። ከሥሩ ያለው ነገር ስላላየነው ማደጉን አይተውም። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይታይ!

ዛሬ ጠዋት ሻይዋን መዋጥ አቃታት። ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ እንዳልደነግጥ ብላ ፈገግ አለችልኝ። ለሰኞ ያስያዝኩላትን ቀጠሮ ወደ ዛሬ እንዲያመጡልኝ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። «ልጇ ነኝ ያለ ሰው ትናንት አሰርዞታል» አሉኝ። ወንድ ልጆቿ እኔና አንተ ብቻ ነን። እኔ አልደወልኩም። በምን አንጀትህ ነው ያሰረዝከው?