ድሪውን ማን ይያዝ?

በአንድ ወቅት፣ ፍኖተ ሰላም በምትባል ከተማ፣ ሰላም የሚባል ነገር ደጃቸውን ረግጦ የማያውቅ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የወይዘሮ ውዴነሽ ሆድ ግን ከዥንጉርጉርም አልፎ እሳትና ጭድ አብረው ያደሩበት ነው። አባታቸው ሞቶ ቤቱ ለሦስት ከተከፈለ ወዲህ ልጆቹ ዓይንህን ላፈር ተባብለዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣል።

ታላቁ አበረ ይባላል። እህል ነጋዴ ነው፤ በከተማው በጨዋነቱ የተከበረ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። የሰውን ቤት አስታርቆና መርቆ ይወጣና፣ መንገድ ላይ የገዛ እህቱን ሲያገኝ ፊቱን ወደ አጥር ያዞራል። መካከለኛዋ አንጓች ናት። ቅቤና ማር ትሸጣለች፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ የማትቀመጥ፣ አንደበቷም የማይቀመጥ ሴት ናት። ትንሹ ልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ ጅቡቲ መንገድ ላይ ተዘርፏል፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አያምንም፣ ወንድሙን ደግሞ ከማንም ያነሰ ያምናል። «ጋሼ» ብሎ ያደገውን ሰው ዛሬ በባዶ ስሙ «አበረ» ይለዋል። እናታቸው ይህን በሰሙ ቁጥር እንደተመታ ሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ወይዘሮ ውዴነሽ ልባቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ባሕር ማዶ ሄደው ካልታከሙ ተስፋ የለም አሉ፤ ኢስታንቡልም ተመረጠ። እሳቸው ግን አንድ ቃል ተናገሩ።

«ሦስታችሁም አብራችሁኝ ካልሄዳችሁ እዚሁ አልጋዬ ላይ እሞታለሁ።»

መንገድ ያስታርቃቸዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ልጆቹም እሺ አሉ። ስለ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ብቻውን ከሄደ ድሪውን ይዞ ይመለሳል ብለው ስለፈሩ ነው።

ድሪው ከቅድመ አያት ጀምሮ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ የአንገት ወርቅ ነው። ቤት ይከፈላል፣ መሬትም ይሸነሸናል። ድሪ ግን የአንድ አንገት ነው፤ ክሩ የተበጠሰ ቀን ድሪነቱ ይቀራል። ወንድ ቢወርሰው ለሚስቱ ወይም ለሴት ልጁ ያስራል እንጂ አይሸጠውም። ወይዘሮ ውዴነሽ ዳሩ በቀይ ክር በተጠለፈ መሐረብ ቋጥረው፣ በመቀነታቸው ጠቅልለው ነበር ከአገር የወጡት። «የሚገባው ይወስደዋል» ብለዋል። ለማን እንደሚገባ ግን አልተናገሩም።

ኢስታንቡል እንደደረሱ ሆስፒታሉ ለምርመራ ልብስዎን ያውልቁ አላቸው፤ መቀነት ተፈታ። ወይዘሮ ውዴነሽ ቋጠሮውን ይዘው ሦስቱንም ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩና ለአበረ ሰጡት።

«አንተ ታላቅ ነህ። አደራ።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በእነሱ አገር የአደራ ቋጠሮ ከሰጪው በቀር ማንም አይፈታውም፤ ምን አለበት ብሎ መዳበስ እንኳ ነውር ነው። አበረም እንደተቋጠረ የትከሻ ቦርሳው ውስጥ አስገባው። የአራቱም ፓስፖርትና የእናቱ የሕክምና ወረቀት እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር።

«እንግዲህ እናያለን» አለች አንጓች። ልየው ቦርሳውን በዓይኑ ተከተለ።

የቀዶ ጥገናው ዋዜማ ሐኪሙ ትንሽ ነፋስ ይምታቸው ብሎ ስለፈቀደ፣ ልጆቹ እናታቸውን ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዷቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ መሀል አስቀመጧቸው። አበረ በአንደኛው ጫፍ፣ አንጓች በሌላኛው ጫፍ ተቀመጡ። ልየው ለወንድሙ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ቆሞ መርከብ ያያል። እናታቸው አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እየዞሩ ለማጫወት ሞከሩ፤ መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ተዉት።

በዚህ መሀል ነጭ ጢማቸው የወረደ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ፈገግ እያሉ መጡና ለአበረ እጃቸውን ዘረጉ። አበረ ምን ያድርግ? ሽማግሌ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ተቀምጦ የሚጨብጥ ሰው በእነሱ ቤት አላደገም። ቦርሳውን ከጭኑ አንስቶ ወንበሩ ላይ አኖረ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ተነሥቶም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ሽማግሌው እጁን ይዘው አልለቅ አሉ። አንጓች «ደግሞ ለፈረንጅ ያጎነብሳል» ብላ ፊቷን አዞረች። ልየው እንዳይ ብሎ እንኳ አልዞረም። ሽማግሌው እጁን ሲለቁት ቦርሳው የለም፤ ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው እሳቸውም ሮጡ።

አበረ ሮጠ። የሽማግሌው ግብረ አበር የሆነ ጎረምሳ ቦርሳውን ይዞ በጠባብ ደረጃ ሲወጣ አየና ተከተለው። ዕድሜው ለሩጫ አይደለም፤ ግን ደረሰበትና የቦርሳውን ማንገቻ ያዘ። ሌባው ጩቤ አወጣ። አበረ አልለቀቀም። ጩቤው መዳፉን ሲሰነጥቀውም አልለቀቀም። ሌባው ከላይ የተቀመጠውን መሐረብ መንትፎ አመለጠ፤ ቦርሳው ከነፓስፖርቱና ከነሕክምናው ወረቀት አበረ እጅ ላይ ቀረ። ያ ወረቀት ባይኖር የነገው ቀዶ ጥገና አይታሰብም ነበር። ቁስሉን የሰፋለት ሐኪም ግን የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነገረው። ጆንያ የሚያነሣበትና ሚዛን የሚይዝበት እጁ ነበር።

አንጓች የተጠቀለለውን እጁን አይታ አላዘነችም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጨዋነትህ የእናቴን ወርቅ በላ።»

«የእናታችንን» አላት አበረ።

«የእኔን እናት» አለችና ወጣች።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ መዝግበው ሸኟት። አንጓች በወጣትነቷ ቤሩት ሠርታ ዐረብኛ ታውቃለች። የተሰረቀ ወርቅ ወርቅ ቤት እንጂ የትም አይሄድም ብላ፣ እናቷ ድሪውን አድርገው የተነሡትን ፎቶ በስልኳ ይዛ፣ የወርቅ ሠሪዎችን መንደር ሱቅ በሱቅ ዞረችው። ያመናጨቃትም ያባረራትም ነበር፤ አልተቀመጠችም። በመጨረሻ ዐረብኛ የሚችል አንድ ደላላ ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ዕቃሽ አለ። ወርቅ በወርቅ ነው የሚመለሰው» አላት።

የነበራት ወርቅ የጋብቻ ቀለበቷና ባሏ በሠርጓ ቀን ያደረገላት የጆሮ ጌጥ ነው። ባሏ ቀናተኛ ነው። ባዶ ጣት ይዛ ብትመለስ ምን እንደሚላት፣ እናቱ ምን እንደሚጨምሩበት፣ ጎረቤት ምን እንደሚያወራ ታውቀዋለች። ቀለበቱ ከዓመታት ወዲህ ወልቆ ስለማያውቅ አልወጣ አለ፤ ምራቅ ቀብታ አወጣችው። ደላላው ሄዶ መሐረቡን አመጣላት። ቀይ ክሩን አየች፤ ያው ነው። በእጇ መዘነችው፤ ይከብዳል፣ ውስጡም ይንኳኳል። አልፈታችውም። የአደራ ቋጠሮ አይፈታም።

ልየውስ? ልየው አልሮጠም፣ አልፈለገምም። እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ወይዘሮ ውዴነሽ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሐኪሙ ልባቸው ካልረጋ ቀዶ ጥገናው ይቀራል ብሏል።

«ድሪዬ ሄደ?» አሉ።

«አልሄደም።»

«ልታጽናናኝ ነው፣ ልጄ።»

«ዋሽቼሽ አውቃለሁ፣ እማ? አልሄደም አልኩሽ።»

ልየው ከሦስቱ ሁሉ ክፉ አፍ ያለው ነው፤ ግን ዋሽቷቸው አያውቅም። ይህን አሰቡና ተረጋጉ። ሲነጋ ሐኪሙ ልባቸውን አዳመጠና ይሁን አለ።

ጠዋት ሦስቱም ክፍሉ ውስጥ ተገኙ። አንጓች ገብታ መሐረቡን እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። አበረን አየችው፤ እሱም አያት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓይን ለዓይን መተያየታቸው ነበር። ወይዘሮ ውዴነሽ ቋጠሮውን ፈቱት። ከውስጡ ከቤት ለስንቅ የያዙት የሽምብራ ቆሎና ጥቂት ሳንቲም ዝርግፍ አለ።

አንጓች ባዶ ጣቷን በሌላ እጇ ሸፈነችው። ልየው ቀለበቷ የነበረበትን ቦታ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፤ ከካልሲው ውስጥ ድሪውን አወጣ።

አበረ በደህና እጁ አንገቱን ያዘው።

«ሌባ።»

«አዎ፤ ባረፍንበት ሆቴል አንተ ስትታጠብ ቋጠሮውን ፈትቼ ለወጥኩት» አለ ልየው። «ሌባ ባልሆን ኖሮ ዛሬ ማን ዘንድ ነበር?»

«ደረጃ ላይ በጩቤ ስታረድ ድሪው እግርህ ሥር ነበር?»

«ወረቀቱስ? ወረቀቱ እውነተኛ አልነበረም? የእናትህን ወረቀት ነው ያዳንከው፤ አታማርር።»

አንጓች ወደ ልየው ዞረች። «ትናንት ልፈልግ ስወጣ አየኸኝ» አለችው። «አንዲት ቃል ብትናገር ምን ነበረበት?»

«ብናገር ይህንኑ ነበር የምትሉኝ። ሌባ። ደግሞ ቀለበትሽን ትሰጫለሽ ብዬ አላሰብኩም። አንቺ? ለማን ብለሽ?»

«ለድሪው ብላ ነዋ» አለ አበረ። «ለእናቷማ ቢሆን ትናንት ከአልጋው አትርቅም ነበር።»

«አንተ ዝም በል። ዝንጉ ጠባቂ» አለችው። «በጅህ የተሰጠህን ለማታውቀው ሰው ሰላምታ ያስረከብክ።»

እንዲህ ተባባሉ። እያንዳንዱ የሌላውን ጥፋት ነገረ እንጂ የራሱን የነገረ የለም። ለሚሰማ ሰው ግን የሦስቱም ነገር ይከብዳል። አበረ አደራውን በቸልታ አስነጥቋል፤ ነገር ግን እጁን ከፍሎ እናቱ የሚታከሙበትን ወረቀትና ሁሉም ወደ አገር የሚገቡበትን ፓስፖርት መልሷል፣ ቋጠሮውንም አልፈታም። አንጓች ትዳሯን አስይዛ ቆሎ ነው የገዛችው፤ ነገር ግን ቆሎ መሆኑን አላወቀችም፣ የሰጠችው ለወርቅ ነው፣ ቋጠሮውንም አልፈታችም። ልየው የማይፈታውን ፈትቷል፣ ከእናቱ ሰርቋል፣ ወንድሙ ሲቆስልና እህቱ ስትባክን አፉን ዘግቷል፤ ነገር ግን ያን ነውር ባይሠራ ዛሬ ድሪ የሚባል የለም፣ በእሱም ቃል ባይረጉ ወይዘሮ ውዴነሽ ለቀዶ ጥገና አይደርሱም ነበር።

እናታቸው ይህን ሁሉ ሰምተዋል። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ድሪውን አንገታቸው ላይ አደረጉት፤ ቆሎውንም አንድ በአንድ ለቅመው መልሰው መሐረቡ ውስጥ አኖሩ፤ እህል አይጣልማ። አስታማሚዎች መጥተው አልጋውን እየገፉ በኮሪደሩ ወሰዷቸው። ሦስቱም ልጆች እየተገፋፉ ተከተሉ። ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ አንዷ ነርስ ወደ አንገታቸው ጠቆመች፤ ወርቅ ይዘው መግባት አይቻልም።

ወይዘሮ ውዴነሽ ድሪውን አወለቁ። የሚሰጡት ለጊዜው ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል፤ ከዚያ በር ወዲያ መመለስም አለ፣ መቅረትም አለ። ከእጃቸው የተቀበለ ወራሽ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይረሱትም።

«ማን ይያዝልኝ?» አሉ።

ሦስት እጅ ተዘረጋ። አንዱ በፋሻ የተጠቀለለ፣ አንዱ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ የቀረ፣ አንዱ ምንም ያልሆነ ደህና እጅ። ማንም የሌላውን አይቶ የራሱን አልሰበሰበም።

ይህን ባወራሁበት ቦታ ሁሉ ሰው ተጣልቶብኛል፤ እናንተም ብትጣሉ አልፈርድባችሁም። ብቻ ክሩ ተበጥሶ ይካፈሉ አትበሉኝ፤ ድሪ አይከፈልም ብያለሁ። ነርሷ ትያዝም አትበሉኝ፤ ባዕድ ሽማግሌን ማመን ምን እንዳመጣ አይታችኋል። በሩ ተከፍቷል፣ ነርሷ እየጠበቀች ነው፣ እናታቸውም ድሪውን ይዘው ሦስቱን እጆች እያዩ ነው። በሉ ፍረዱ፤ በማን እጅ ያኑሩት?