ጨዋው ጎማ

አንድ ሰው ነበረ። ቅን ሰው ነው። ሥራውን የሚወድ፣ ሚስቱን የሚወድ፣ ከዚያ ደግሞ አሮጌ ቮልሱን የሚወድ። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እንድነግራችሁም ፈቅዶልኛል። ስሙን ግን እሱው ጋ ልተወው። ደግሞስ ስሙ ምን ያደርግላችኋል? ትንሽ ቆይታችሁ በራሳችሁ ስም ትጠሩታላችሁ።

ይህ ሰው የሚኖረው ቆላ ነው፤ ሐይቅ ዳር ባለች ሞቃት ከተማ። በዚያች ከተማ አሮጌ ቮልስ ያላቸው ሰዎች ማኅበር አላቸው። በዓል ሲሆን ፖሊስ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚዞረውን አስፋልት ይዘጋላቸውና በቮልሶቻቸው ይወዳደራሉ። ሽልማቱ አንድ ዋንጫ ነው፤ እሱም እጀታው የወለቀ። አትሳቁ! እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄአለሁ። እኔ እንኳን መኪና ብስክሌትም ነድቼ አላውቅም። ግን ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወራ ዓይኑን ብታዩት መሳቁን ትተዋላችሁ።

ታዲያ በማኅበሩ መሀል ቅሬታ ተነሣ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ልዩ ጎማ ያስመጣል፣ ያሸንፋል። ዘመድ የሌለው ገበያ ላይ ያገኘውን ይገጥማል፣ ይሸነፋል። "ይሄ የሹፌር ውድድር ነው ወይስ የጎማ?" ተባለ። ተማከሩ፤ መልካም ምክርም መከሩ። "ሁላችንም አንድ ዓይነት ጎማ እንግጠም፤ ያኔ ማን ሹፌር እንደሆነ ይለያል" አሉ።

ሦስት ዓይነት ጎማ ለሙከራ ቀረበ። ሞካሪ ሆኖ የተመረጠው ያ ሰው ነው። ለምን እሱ? "አያዳላም፣ ያየውን ይናገራል" ብለው ነዋ! ልብ በሉልኝ። የተመረጠው በመንዳቱ ብቻ አይደለም፤ በአፉም ነው።

ሞከረ። የመጀመሪያው ጎማ ለስላሳ ነው፤ መንገዱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ግን አንድ ውድድር ሳይጨርስ ተበልቶ ያልቃል። እሱ ከምርጫው ወጣ። ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ ዳሩ ግን ኩርባ ላይ ይጮኻል፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ሦስተኛውን ሁሉም ወደደው። ፈጣን ነው፣ ኩርባውን ሲዞር ደግሞ ድምፅ የለውም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ማንደፍሮ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ዳገት ቁልቁለት ሲሉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ያንን ሰው መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሚስቱን ሲያጭም ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን ደግሞ ሰምታችኋል። ማን ደፍሮ! እውነትም ማን ደፍሮ እሳቸውን ይቃወማል?

አንድ ጠዋት ሦስተኛውን ጎማ በገዛ ቮልሳቸው ላይ ገጥመው ዞሩና ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ወረዱ።

"ዕድሜ ልኬን ጎማ ሲጮህብኝ ነው የኖርኩት" አሉ። "ይሄን ስሙት እስቲ! ትንፍሽ አይልም። ይሄ ጎማ አይደለም፣ የጨዋ ልጅ ነው!"

በቃ፣ ስም ወጣለት። ጨዋው ተባለ። ያ የሚጮኸው ደግሞ ባለጌው።

ሰውየው ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ሌሎቹ ጎማውን ያዩት ጠዋት፣ በነፋሻው ሰዓት ነው። እሱ ቀትር ላይም፣ አስፋልቱ ግሎ ሲያብለጨልጭ ሞክሮት ነበር። አንድ ትልቅ ዋርካ ያለበት ኩርባ ላይ ሲደርስ ጨዋው ጎማ ድንገት ለቀቀው። መኪናው ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ማንም አላየውም። እሱ ግን መሪውን እንደጨበጠ ላብ አጠመቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። ባለጌው ጎማ ሊለቅ ሲል አስቀድሞ ይጮኻል። "ቀንስ፣ ቀንስ፣ ልለቅህ ነው" ይላል። ሹፌሩ ይሰማል፣ ይቀንሳል፣ ይተርፋል። ጨዋው ይህን አይልም። ዝም ብሎ ይዞ ይቆይና ዝም ብሎ ይለቃል።

ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ለውባለም ነገራት።

"ታዲያ ንገራቸዋ!" አለችው።

"እንዴት ብዬ? በሰው ፊት አወድሰውታል እኮ። ቅር ይላቸዋል። ትንሽ ይቆይ፤ ዝም አይነቅዝም።"

"ለአንተ ነው የማይነቅዘው" አለች ውባለም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ጋሽ ማንደፍሮ አንድ ልማድ አላቸው። ምንም ነገር ሳይወሰን በፊት እጃቸውን እየዘረጉ ሰዉን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ "አንተስ ምን ትላለህ?" ይላሉ። ረዳቱን የማይሰማ ሹፌር ገደል ይገባል የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ቀንም ዞሩ። አንዱ "ጨዋው ይሁን" አለ። ሌላውም "ጨዋው" አለ። የሁለተኛው ስም ሲነሣ "እሱን ባለጌ ተዉት!" ተባለና ሳቅ ሆነ። ከዚያ እጃቸው ወደ ሰውየው ዞረ።

"አንተስ ምን ትላለህ? የሞከርከው አንተ ነህ።"

ወገኖቼ፣ ብዙ ጊዜ "ማን ጠይቆኝ!" እንላለን። ይኸው ተጠየቀ! በሰው ሁሉ ፊት፣ በአክብሮት ተጠየቀ። የሽማግሌውን ፊት አየ። ደስታቸውን አየ። እነ ውባለም ቤት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው "ልጃችሁን ለልጃችን" ያሉለት ቀን ትዝ አለው። ይሉኝታ ያዘው።

"እርስዎ ካሉማ ጋሼ... ጨዋ ነው" አለ።

ተጨበጨበ።

"ለብቻቸው ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ" አለ በልቡ። ለብቻቸው ሲያገኛቸው እንግዳ መጣ። ሌላ ቀን ሄደ፤ አሟቸው አገኛቸው፤ የታመመ ሰው አያስጨንቁም ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ጎማው ለሁሉም ተገዛ። "አሁንማ ተገዛ፤ ብናገር ምን ይጠቅማል?" አለ። መጀመሪያ ሊናገር ጊዜው ገና ነበር፣ በኋላ ጊዜው አለፈ። ጊዜው የደረሰበትን ቀን አላገኘውም።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። ውድድሩ ተጀመረ፣ በነፋሻው ጠዋት አንዴ፣ ሁለቴ ተወዳደሩ። ሰውየው ዋርካው ጋ ሲደርስ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል። ቀስ ብሎ ይዞራል። ሌሎቹ ይቀድሙታል። "ምነው፣ ኩርባው ላይ ፈራህ እንዴ?" ይሉታል። "ዕድሜ ነው" ይላል፣ ይስቃል። አያችሁ? እውነቱን ለራሱ ይጠቀምበታል! የሚያውቀው ነገር የእሱን ነፍስ ይጠብቃል፤ የወንድሞቹን ነፍስ ግን አይጠብቅም። እንዲያውም በመሸነፉ ቅጣቱን የተቀበለ ይመስለው ነበር።

ፋሲካ መጣ። የበዓሉ ማግስት ውድድሩ ቀትር ላይ ሆነ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሽ ማንደፍሮ በሌላ ጊዜ ባንዲራ ማውለብለብ ነው ሥራቸው። ያን ቀን ግን "ዛሬስ እኔም እዞራለሁ፤ ጨዋው አለልኝ" አሉና ቮልሳቸው ውስጥ ገቡ። ሰውየው ከኋላቸው ነበር። ዋርካው ከሩቅ ሲታይ ፍጥነታቸውን አየ። እንዳልቀነሱ አየ። ያን ጊዜ ጮኸ!

"ጋሼ ቀስ ይበሉ! ቀስ! ይለቅዎታል!"

ብቻውን መኪና ውስጥ ሆኖ፣ በሞተር ድምፅ መሀል ጮኸ። ያን ሁሉ ወራት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በሹክሹክታ እንኳን ቢነግራቸው ይሰሙት የነበረውን ነገር፣ በማይሰሙበት ቦታ ጮኸው። የሽማግሌው ቮልስ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ከመንገዱ ወጣና ከዋርካው ተላተመ።

አልሞቱም። አምላክ አተረፋቸው። ቀኝ እግራቸው ግን ደቀቀ፤ ነዳጅ የሚሰጡበት እግር። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ይዘው የኖሩ ሰው፣ ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም።

ሰውየው ሐኪም ቤት ሄደ። አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌውን ያስጨነቃቸው ሕመሙ ሳይሆን ነገሩ ነው፤ ግራ ገብቷቸዋል።

"ሳይጮህ እኮ ነው የለቀቀኝ" አሉ። "ሁልጊዜ ጎማ ሲጮህ እሰማለሁ። ዛሬ ምንም አልሰማሁም። አንተ ሞክረኸው አልነበር? እንዲህ ያደርግ ነበር?"

ሰውየው እንባውን አፈሰሰ። "አዎ ጋሼ። ቀትር ላይ ሞክሬው አውቅ ነበር።"

"ታውቅ ነበር?"

"አክብሬዎት ነው ጋሼ። በሰው ፊት እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው።"

ጋሽ ማንደፍሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ልጄ፣ አክብረኝ ብዬ መች ጠየቅሁህ? ንገረኝ ነው ያልኩህ።"

ይቅር አሉት። ወዲያው፣ እዚያው አልጋ ላይ ሆነው ይቅር አሉት። ማኅበሩም ጨዋውን ጥሎ ባለጌውን ገጠመ፤ ዛሬ በዚያች ከተማ በዓል ሲሆን ጩኸቱ ሌላ ነው አሉ። ሽማግሌው በምርኩዝ እየመጡ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ ጎማው ሲጮህ ሰምተው ፈገግ ይላሉ። ሰውየውን ሲያዩት ይስሙታል፣ ልጆቹን ይመርቁለታል። ታዲያ ምን ጎደለ? ይቅርታ ካለ ምን ጎደለ ትሉኝ ይሆናል።

ስብሰባ ሲሆን ጋሽ ማንደፍሮ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን እየዘረጉ ሰዉን ይጠይቃሉ። "አንተስ ምን ትላለህ?" ይላሉ። "አንተስ?" ይላሉ። ሰውየው ጋ ሲደርስ እጃቸው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ቂም ይዘው አይደለም። ምናልባትም አላስተዋሉት ይሆናል። ብቻ የእሱን ሐሳብ መጠየቅ ትተዋል። ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። "እንዲያው አንዴ ቢጠይቁኝ" አለኝ፤ "ስለማይረባ ነገርም ቢሆን፣ አንዴ ብቻ ቢጠይቁኝ!"

ወገኖቼ፣ ጨዋ የሚለውን ቃል ሁላችን እንወደዋለን። ልጃችን ጨዋ ሲባል ደስ ይለናል። ነገር ግን በቤተ ክህነት ቋንቋ ጨዋ ሌላ ትርጉም እንዳለው ታውቃላችሁ? ያልተማረ ማለት ነው! ያ ሰው በሁለቱም ጨዋ ሆነ። እኛስ? እኛ በየትኛው ነን?

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። ጓደኛሽ ልትታጭ ነው። ሰውየውን ታውቂዋለሽ፤ ሲቆጣ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። ወደ አንቺ መጣችና "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለች። ምን አልሻት? "አንቺ ከወደድሽው" አልሻት! ዛሬ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ስታያት ታለቅሻለሽ። እንባሽን አላናንቅም፤ ግን ቃልሽን ነበር የፈለገችው።

አንተስ፣ አባትህ በጨለማ መንዳት እያቃታቸው "ዓይኔ ደከመ እንዴ ልጄ?" ሲሉህ "ኧረ ደህና ነዎት!" ብለህ ቁልፉን አላቀበልካቸውም? ግን እኮ ልጅህ አብራቸው እንድትሳፈር አትፈቅድም። ዋርካው ጋ እግርህን አንሥተሃል ማለት ነው።

እኔንም አልማራችሁኝም። ስብከት ስጨርስ በር ላይ ቆሜ "እንዴት ነበር?" ስላችሁ "ግሩም ነበር!" ትሉኛላችሁ። ስታንቀላፉ ከዚህ ሆኜ አይቻችኋለሁ!

ባለጌ ሁኑ አላልኩም። ስድብን እውነት ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትወጡ። አደባባይ ላይ ሰው አዋርዱም አላልኩም። ለብቻ ጥሩት፣ እጁን ያዙት፣ ብትፈልጉ ጉልበቱን ስማችሁ ንገሩት፤ ግን ንገሩት። ይቀየማል? ይቀየም። የተቀየመ ሰው ይታረቃል። ዝም አይነቅዝም ያለን ማን ነው? ነቅዟል! በየቤታችን ነቅዞ ተቀምጧል፤ ከፍተን ማየት ስለምንፈራ ነው እንጂ።

ስንት ሰው "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ ጠይቆን አሳልፈነዋል? አንዳንዱ ሞቷል፤ ለእሱ አሁን የምንነግረው የለንም። አንዳንዱ በሕይወት አለ፤ ይስመናል፣ ይመርቀናል፣ አይጠይቀንም። ለዚህ እናልቅስ፤ ሊለቀስለት ይገባል።

ግን አሁንም የሚጠይቅ ሰው አላችሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ምናልባት ባለቤታችሁ ይሆናል፣ ምናልባት ልጃችሁ፣ ምናልባት አንድ ሽማግሌ። እጁን ይዘረጋና "አንተስ? አንቺስ?" ይላችኋል። ያ እጅ የዋዛ አይደለም። አደራችሁን፣ ወደሚቀጥለው ሰው ሳያልፍ መልሱለት።