የሽኮኮ ጎተራ

ተረት ተረት! የንቦች ቤት።

ሽኮኮ ማኅበር እንዴት እንደሚመራ ሊማር ንቦች ዘንድ ሄደ። እያንዳንዷ ንብ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስታከማች እያየ፣ በማር ሽታ መካከል በጋና ክረምቱ እንደ ሕልም አለፈለት። ተመልሶም ጉም በለበሰው ገደል ሥር ጎተራ ሠራ፤ አውሬው ሁሉ በየቀኑ አንድ አንድ ጉንጭ እህል እንዲያመጣ አስለመደ። ክረምት ሳይገባ ጎተራው ሞላ። ሽኮኮም፣ "ከእንግዲህ ማኅበሩን እኔ እመራለሁ" ብሎ አሰበ።

ጎተራው ሲከፈት የመረቀው ግን ሽማግሌው ዝንጀሮ ነበር።

"ይሙላ፣ ይትረፍረፍ!"

"አሜን!" አሉ አውሬዎቹ። "የአያ ዝንጀሮ ምርቃት እኮ ይደርሳል!" እየተባባሉም በሉ።

"አያ ዝንጀሮ፣ ጎተራውን የሞላነው እኮ ለቅመን ነው" አለ ሽኮኮ።

"አንተ ጭራ ቢስ! ንቦቹ ያስተማሩህ መናደፍ ነው?" አለው ዝንጀሮ።

አውሬዎቹ ሳቁ፤ ሽኮኮንም ወደ ገደሉ አናት አባረሩት።

በዓመቱ "እህል አምጡ" የሚል አልነበረም፤ ያመጣም የለም። ክረምት ሲገባ ዝንጀሮ ጎተራው ፊት ቆመ።

"ይሙላ፣ ይትረፍረፍ!"

"አሜን!" ብለው ከፈቱት።

ሽኮኮ ከገደሉ አናት ሆኖ ሲያዳምጥ፣ ጎተራው ከባዶ ሆዱ ለስለስ ባለ ድምፅ "አሜን" ሲል መለሰላቸው።

ተረቴን መልሱ፤ ጎተራውን ዳብሱ።