ቀልደኛው አህያ ተዋናይ ሲሆን

አንድ ጊዜ በገዛ ጆሮው እየቀለደ አገሩን በሳቅ የሚያፈርስ አህያ ነበር። የገበያ ዕለት አውድማውን መድረክ አድርጎ ይቆምና፣ «ጆሮዬ ይኼን ያህል የረዘመው ለስድብ ብዛት ነው፤ አጭር ቢሆን ኖሮ ስድቡ ተርፎ መሬት ላይ ይፈስ ነበር!» ይላል። በጎቹ ይንከባለላሉ፤ በሬው የሚያመነዥከው ሣር ትን ይለዋል።

አህያው ግን ደስተኛ አልነበረም። አንድ ቀን እናቱ ታማበት፣ «እናቴ ልትሞትብኝ ነው» ብሎ ሲናገር እንኳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ለካስ ይንቁኛል» ብሎ አዘነ። ከዚያ ወዲህ ምኞቱ አንድ ብቻ ሆነ፤ የሚያለቅስለት ማግኘት።

ይህን የሰማው ቀበሮ ሊያነጋግረው መጣ። ቀበሮ ያን ሰሞን ፊልም አዘጋጅ ሆኖ ነበር፤ የት እንደተማረው የሚያውቅ የለም።

«ወንድሜ አህያ፣ መድረክ ላይ ዕድሜህን ፈጀህ። በእኔ ፊልም ጅብ የሚያሳድደው ምስኪን አባት ሆነህ ትተውናለህ።»

«ይስቁብኛል?»

«ማን አባቱ ስቆ! እንባቸው ጎርፍ ነው የሚሆነው።»

«ጅቡንስ ማን ይሆናል?»

«ጅብ ነዋ!»

አህያ ደነገጠ። ግን የሚያለቅስለት ያማረው ጅብንም ይረሳል፤ እሺ አለ።

ቀረጻው ገደል አፋፍ ላይ ተጀመረ። ጦጢት ካሜራውን ያዘች። ቀበሮ፣ «ጸጥታ! የሳቀ ይባረራል!» ብሎ አስጠነቀቀ። አህያ ሮጠ፣ ወደቀ፣ አለቀሰ። ማንም ትንፍሽ አላለም። መድረክ ላይ ሳቁን ሲሰማ ሥራው እንደሠመረ ያውቅ ነበር፤ እዚህ ግን በምን ይወቅ? ግራ ገባው።

«ጥሩ ነበር?»

«ግሩም ነበር። ድገም» አለው ቀበሮ።

«ግሩም ከሆነ ለምን እደግማለሁ?»

«ግሩም ስለሆነ።»

አያ ጅቦም የባሰ ተደናግሯል። «ቆይ፣ ልንከሰው ወይስ አልንከሰው?» ሲል ቀበሮን ጠየቀው።

«የምትነክስ ምሰል እንጂ አትንከስ።»

«እሺ፣ አፌን እከፍታለሁ። ሥጋው ሲገባልኝስ?»

«እንዳትዘጋው!»

«ታዲያ ለምን ይከፈታል?» አለ ጅብ፣ ከልቡ።

«ድገሙ!» በተባለ ቁጥር ምራቁ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ አፉ ሳያስበው ግጥም አለ፤ የአህያም ጭራ እዚያው ውስጥ ነበረ።

«ኧረ የምሬን ነው! በእውነት ነከሰኝ! ድረሱልኝ!» ሲል አህያ አናፋ።

ቀበሮ ወደ ጦጢት ጠጋ ብሎ፣ «እንዳታቋርጪ! እንዲህ ተውኖ አያውቅም!» አላት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ አዘጋጅማ ጭራሽ። አህያ ራሱ ጅቡን በእርግጫ ብሎት አመለጠ፤ ያለ ጭራ።

ፊልሙ ዋሻ ውስጥ ታየ። አህያ የተመልካቹን እንባ ለማየት ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ ተቀመጠ። ፊልሙ ጭራው የተነከሰበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዋሻው በሳቅ ተናጋ። «እውነት እኮ ነው! እዩ፣ ጭራ የለኝም!» ብሎ ዞሮ ቢያሳያቸው ጭራሽ ባሰባቸው።

ከወደ ጥጉ ግን ልቅሶ ተሰማ። ተመልካቹን እንዳይበላ ቀበሮ በገመድ ያሰረው አያ ጅቦ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። አህያ ጠጋ ብሎ ጭራውንም ይቅር አለው።

«አያ ጅቦ፣ የገባህ አንተ ብቻ ነህ! ለእኔ ነው የምታለቅሰው?»

«ለአንተ ነው እንጂ! ጭራህ ብቻ ደርሶኝ የቀረው ሁሉ ሲያመልጠኝ እያየሁ እንዴት አላለቅስ?»

አህያ ወደ ደጅ ሮጠ። የሚወደው ማን፣ የሚበላው ማን እንደሆነ ጠፍቶት ፀሐይ ላይ ፈዞ ቆመ። ዝንቦች ቁስሉን ወረሩት፤ በምን ያባርራቸው? ይኼኔ በሬው ሳቁን ሳይጨርስ ወጣ። «ጠጋ በል እንጂ» አለው እየተንከተከተ፤ ከጎኑም ቆሞ በራሱ ጭራ ዝንቡን ያባርርለት ጀመር።

ከዚህ የምንማረው የሳቀ ሁሉ እንዳልናቀን፣ ያለቀሰም ሁሉ እንዳላዘነልን ነው።